ጓሮ በጐጃም ደጋ፤ ስለ አፈሩና ስለ ሠሪዋ

ስለ ጐጃም ባላገር ኑሮ የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሞፈርና ከቀንበር፣ የሚጨርሰውም ከጐተራ ነው። በመካከሉ ርስት፣ ጕልት፣ ግብርና የመሬት ክርክር በሰፊው ይነገራሉ። ጐጃም ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የታወቀ ቦታ ሲሆን፣ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን የርስት ሥርዓት በ1973 በፈረንጅ አቆጣጠር በመጽሐፍ ማውጣቱ ይታወቃል። ከቤቱ ጀርባ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ጥንድ በሬ ለማዞር እንኳ የሚጠበው ትንሽ መሬት፣ ይኸውም ጓሮ፣ በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ቢገኝ የሚገኘው በአንድ መስመር ነው። ጓሮ ከእርሻ የሚለየው ግን በስፋቱ ብቻ አይደለም። እርሻ ይወረሳል፣ በክርክር ይገኛል፣ በአዋጅ ይደለደላል፤ ጓሮ ግን ይሠራል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የደጋውን ሴቶች ሥራ በትክክል ሊመዝን አይችልም።

ቃሉ በአማርኛ የቤትን ጀርባ ያመለክታል። ደጅ እንግዳ የሚቆምበት፣ እህል የሚሰጣበት፣ ሽማግሌ ለእርቅ የሚቀመጥበት የአባወራው ፊት ሲሆን፣ ጓሮ ከጓዳ ጋር የሚገናኝ የእማወራዋ ስፍራ ነው። ጓዳና ጓሮ እየተባለ ሁለቱ ባንድነት መነገራቸው በከንቱ አይደለም፤ ከአንዱ የወጣው ወደ ሌላው ይገባልና። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው በተለይ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጐዛምን፣ በማቻከል፣ በስናን፣ በአነደድና በአዋበል ስላለው ጓሮ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችውና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራችው ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእርስዋ በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ ቡና እምብዛም አይሆንም፤ ሙዝና ሸንኮራም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የቆላው ድርሻ ናቸው። የደጋ ጓሮ ውርጭንና ረጅም ክረምትን የሚችል አትክልት ያለበት ጓሮ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አፈሩ መናገር ይገባል። የጐጃም ደጋ ቀይ አፈር ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ የብዙ ዘመን ዝናብ ጨዉንና ኖራውን አጥቦ ስለወሰደው በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ሆኗል። አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ማዕድን ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረስ የተባለውም ምግብ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። በዛሬው ጊዜ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ለማረም ገበሬው በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር የተፈጨ ኖራ እንዲበትን ይመክራሉ። እማወራዋ ግን ኖራ የሚባል ነገር ለእርሻ እንደሚሆን ከመሰማቱ በፊት የኖራን ሥራ በሚሠራ ነገር ጓሮዋን ስታክም ኖራለች፤ እርሱም የምድጃ አመድ ነው። የእንጨትና የኩበት አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ያበርዳል፤ ፖታሲየምና ጥቂትም ፎስፈረስ ይጨምራል። በየማለዳው ከምድጃ የሚወጣው አመድ፣ ከቤት የሚጠረገው ጥራጊ፣ ጥጃ ከታሰረበት የሚዛቀው አዛባ፣ ከመሶብ ሥር የሚራገፈው ፍርፋሪ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭና የጐመኑ ጐራንጕር ሁሉ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ዓሥርና ሃያ ዓመት እንዲህ ከተደረገ በኋላ ቀዩ አፈር ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ በበጋም ርጥበት ይይዛል። ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ያለው መሬት በትውልዱ አንድ ሆኖ ሳለ በዶማ ቢነካ ሁለት አፈር ነው። አሮጌ ቤት ፈርሶ ኦና በሆነበት ቦታ ገብስ ቢዘራ ከአካባቢው ሁሉ ተለይቶ የሚጠቁረውና የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሥራ የራሱ ችግር አለው። ዱሩ ካለቀ ወዲህ በደጋው የሚነደው ብዙው ኩበት ነው፤ ኩበት ሆኖ የደረቀ እበት ደግሞ ለአፈር የሚደርሰው አመድ ሆኖ ብቻ ነው፤ የእሳቱ ኃይል ከሄደ በኋላ የናይትሮጅኑ ምግብ የለም። ኩበት በገበያ መሸጥ ሲጀምር ጕዳቱ ይብሳል፤ አመዱም የገዢው ይሆናልና። እዚህ ላይ ባሕር ዛፍን ያለ ማመዛዘን የሚነቅፉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ዛፉ በአጥር ዙሪያ ሲተከል የጓሮውን ውኃ እንደሚጠጣና ጐመኑን እንደሚያቀጭጭ እርግጥ ነው፤ እማወራዎችም ይህን ከማንም አስቀድመው ያማርራሉ። ነገር ግን እንጨት በደጅ ሲገኝ እበቱ ከምድጃ ይተርፍና ወደ ፍግ ክምር ይመለሳል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ጕዳትና ጥቅም የሚወሰነው ከጓሮው ምን ያህል ርቆ በመተከሉ ነው፤ የተከላውን ቦታ የሚመርጠው ደግሞ ዛፉን የሚሸጠው አባወራው እንጂ ጐመኑን የምትቀነጥበው ሚስቱ አይደለችም።

የጓሮው ጌታ ጐመን ነው። የሐበሻ ጐመን የሚባለው ከውጭ ከመጣው ጥቅል ጐመን ፈጽሞ የተለየ ነው። በትውልዱ ኮሪያዊ የሆነው በጃፓን የተማረ የሥነ ዘር ሊቅ፣ ጃፓኖች ናጋሃሩ ዩ የሚሉት፣ በ1935 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት የዚህን ጐመን ዘር ግንድ ገልጧል። ይኸውም ጐመናችን በጥንት ዘመን ስናፍጭና የጥቅል ጐመን ወገን የሆነው ተክል ተዳቅለው፣ የሁለቱም ሙሉ ዘር በአንድ አካል ተደምሮ የተገኘ ነው፤ ከአንዱ ስምንት፣ ከሁለተኛው ዘጠኝ ጥንድ ክሮሞዞም ወርሶ ዐሥራ ሰባት ጥንድ ይዟል። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ ሲመድባት፣ ይህ ጐመን ከቈጠራቸው እጽዋት አንዱ ነበር። በጐጃም ጓሮ ውስጥ ስናፍጭና ጐመን ጎን ለጎን በቅለው መታየታቸው እንግዲህ ልጅ ከወላጁ ጋር እንደ መኖር ነው።

አያያዙም እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲጀምር፣ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ፣ በፍግ በተዘጋጀ መደብ ላይ ዘሩ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይበተናል። ከበቀለ በኋላ የተጨናነቀው እየተነቀለ ሲሳሳ፣ የተነቀለው ለጋ የመጀመሪያው ወጥ ይሆናል። የቀረው ሲያድግ ጐመኑ አይነቀልም፤ ከታች ያለው ቅጠል እየተቀነጠበ ቀንበጡ ይተዋል፤ ቀንበጡ እስካለ ድረስ ቅጠሉ ይተካል። ልምድ የሌላት ሙሽራ ቀንበጡን ብትቆርጥ አማቷ የምትቈጣት ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ተክሉ ቢጫ አበባ ያበቅላል፣ ፍሬ ያሲዛል፤ ከመካከሉ ቅጠለ ሰፊው፣ ዘግይቶ ያበበው፣ ትል ያልነካው ተመርጦ ለዘር ይቀመጣል። ፈጥኖ ያበበው ለዘር የማይመረጠው ዘሩን የወረሰው ጐመን ቅጠል ሳይሰጥ ወደ አበባ ስለሚሮጥ ነው። ይህ ምርጫ በትምህርት ቤት የዘር ማሻሻል የሚባለው ሥራ ነው። ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በትንሽ ቅል ተጨምሮ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቃል። ለዘር ከሚፈለገው የተረፈው ጐመን ዘር ተወቅጦ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ እንጀራው ከምጣዱ ሳይጣበቅ የሚነሣው በእርሱ ዘይት ነው። አንድ ተክል ቅጠሉ ወጥ፣ ዘሩ ማሰሻ፣ ግንዱ ደርቆ ማገዶ ሲሆን የሚጣል የለውም።

ስለ ጐመን ዋጋ ግን ከዘር ታሪኩ ይልቅ የዓመቱ አቆጣጠር ይናገራል። በታኅሣሥና በጥር የተወቃው እህል በሐምሌ ይሳሳል፤ ጐተራው የሚጠረግበት ጊዜ ዝናቡ የበረታበት፣ መንገዱ የተቆረጠበት፣ በገበያም እህል የሚወደድበት ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ለዐሥራ አምስት ቀን ይያዛል፤ ላሚቱ ብትታለብም ወተቱ አይበላም። የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ቀኖች ሁሉ ቢደመሩ ለምእመናን 180 ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት 250 ያህል ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከዓመቱ እኩሌታ የሚጠጋው የጓሮና የጥራጥሬ ዘመን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጥራጥሬውም ስለሚያልቅ ጓሮው ብቻውን ይቀራል። በጥቂት ኑግ ዘይት የበሰለ ጐመንና ከጓሮው ዳር የተቆረጠ የበቆሎ እሸት ቤተሰቡን ወደ መስከረም ያሻግራሉ። ገብስ ሲደርስ በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን «የጐመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። አባባሉ የደስታ ቢሆንም ለባለውለታው ምስጋና የለበትም። ሦስት ወር ያበላው ምንቸት እንደ ክፉ እንግዳ ከቤት ይባረራል። ጐመን የችጋር ምልክት ሆኖ በመቈጠሩ፣ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቲቱ ጐመን ማቅረብ ታፍራለች፤ ጐመን በጤና የሚለውም ተረት የሚያጽናናው ሌላ ነገር ያጣውን ሰው ነው። ጓሮ በምሁራን ጽሑፍ ውስጥ ችላ የተባለው ከዚሁ ንቀት የተነሣ ይሆን ማለት አግባብ አይደለም አይባልም።

ሌላው የጓሮ ተክል በአጭሩ ሊጠቀስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ድንብላል፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላና ኮሰረት የወጥና የቅቤ ቅመም ናቸው። ስናፍጭ በዐቢይ ጾም ለሚበላው ለስልጆ ይፈለጋል። ጤና አዳም ለቡናና ለአይብ ማጣፈጫ፣ ለሆድ ቁርጠትና ለቡዳ መድኃኒት ሆኖ ከበሩ አጠገብ ይተከላል፤ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ተጨምቆለት ይታሻል፣ ይታጠናልም። ዱባና ቅል በአጥሩ ላይ ይንጠላጠላሉ፤ እንዶዱም ከዚያው አጥር ይለቀማል። ከነዚህ መካከል ሁሉም የጥንት አይደለም። በርበሬ ከአሜሪካ የተገኘ በመሆኑ ወደ አገራችን የደረሰው ኮሎምቦስ በ1492 በፈረንጅ አቆጣጠር ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው፤ ያለ በርበሬ የተበላ የሐበሻ ወጥ ዛሬ ለማሰብ ቢያስቸግርም ከዚያ በፊት ሲበላ ኖሯል። ድንችን ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ የእጽዋት ሊቅ ሺምፐር በ1858 በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳስገባው ይነገራል። ድንች ከእህል አስቀድሞ በሦስትና በአራት ወር ስለሚደርስ ለክረምቱ ራብ የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን በዝናብ ወራት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚገድል በሽታ ስላለበት ብዙ ሰው በመስኖ ወይም በበልግ መትከልን ይመርጣል።

ስለ ኮባ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በጐጃም ጓሮ ጥግ አንድ ወይም ሁለት እግር ኮባ መቆሙ የተለመደ ሲሆን፣ ጥቅሙ በቅጠሉ ዳቦ ለመጋገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ግሽ ዓባይ ደርሶ ተመልሷል፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍም ከዓባይ በስተ ምዕራብ ባለው በሜጫ ይህ ተክል በሰፊው ተተክሎ እንደ ነበረና በዚያ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ዋና ምግባቸው እንደ ነበረ ጽፏል። ይህ ምስክርነት ትልቅ ነገር ያሳያል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሲዳማና በጌዴኦ፣ እንሰትና ቡና ያለበት ጓሮ ራሱ እርሻ ነው፤ ቤቱ በጓሮው መካከል ይቆማል። በጐጃም ግን በሬና ጤፍ አሸንፈው እንሰቱ የዳቦ መጠቅለያ ሆኖ በጥግ ቀረ። የዛሬው የጐጃም ጓሮ ማነስ እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የታሪክ ውጤት ነው።

በጓሮ የሥራ ክፍያው የታወቀ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ፣ ጓሮ መንከባከብ የሴት ሥራ ነው። ወንዱ አጥር ያጥራል፣ ጠንካራውን መሬት በዶማ ይገለብጣል፤ ዘር መምረጥ፣ መዝራት፣ ማረም፣ መቀንጠብና አመድ ማፍሰስ የእማወራዋና የልጆቿ ነው። ከጓሮ የተገኘው ገንዘብም በልማድ የርስዋ ነው። እህል ሲሸጥ አባወራው ይመክርበታል፤ በዝርግ ሰፌድ የተያዘ ጌሾ፣ የጐመን እስር፣ የነጭ ሽንኩርት ጕንጕን ሲሸጥ ግን ማንም አይጠይቃትም። ከነዚህ ዋናው ጌሾ ነው። አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለብዙ ዓመት ቅጠል ይሰጣል፤ ጠላ የምትጠምቅና አረቄ የምታወጣ ሴት እስካለች ድረስም ገበያው አይዘጋም። ጨው፣ የፋኖስ ጋዝ፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም ብዙው እንዲሁ ነው።

ነገሩ የሚከብደው መለያየት ሲመጣ ነው። በአማራው ዘንድ በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ በትዳር ያፈሩትን እኩል የሚካፈሉበት የቆየ ልማድ አለ፤ ከብቱ ይቈጠራል፣ እህሉ ይሰፈራል፣ ዕቃው ይመደባል። ብዙ ጊዜ ግን ቤቱ የተሠራው በባል ወገን መሬት ላይ ነውና የምትወጣው ሚስት ናት። ሽማግሌዎች የጌሾውን እግር ሊቈጥሩ፣ የቆመውን ጐመን ሊገምቱ ይችላሉ። ዓሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የፈሰሰው አመድ ግን በምንም ስፍር አይሰፈርም። ሴቲቱ የዘር ቋጠሮዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ጥቁሩ አፈር ለተተኪዪቱ ይቀራል። የሴትን ድካም የሚያስከብር ነው ተብሎ የሚመሰገነው የእኩሌታ ልማድ በዚህ ነጥብ ጐዶሎ ነው።

ሴቲቱ ለብቻዋ የሚደርስባት ይህ ነገር በአገር ሙሉ የደረሰበት ጊዜ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስቱ ክርክር ቆመ፤ ጓሮው ግን ባለበት ኖረ። ጓሮውን የነካው ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ፣ በጐጃምም ጭምር የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ነው። ተበታትኖ በየጕብታው የሚኖረው ባላገር ቤቱን አፍርሶ በተሰመረለት መስመር እንዲሠራ ታዘዘ። የዕቅዱ አውጪዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የመጠጥ ውኃ በቅርብ ለማድረስ ነው ብለዋል። የቤቱ እንጨትና ጣራ ተነቅሎ ሊጓጓዝ ይችል ነበር፤ በአዲሱ መንደር ለእያንዳንዱ ቤት ቦታ ሲሰጥም መሬቱ እኩል በመሆኑ ጓሮውም እኩል የሆነ መሰለ። ነገር ግን የተሰጠው ቦታ እንጂ ጓሮ አልነበረም። ትናንት የግጦሽ ወይም የእርሻ መሬት የነበረው ቀይ አፈር አንድም ክረምት አመድ አላየም። ጌሾ በአንድ ዓመት አይደርስም፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለ ቆሙም የጎረቤት ዶሮና ጥጃ ችግኙን አላስቀረም። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲያወጅ ብዙው ሰው ጊዜ ሳያጠፋ መንደሩን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ መመለስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የእርሻ ርቀትና የከብት መጠበቂያ እጦት ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከእነርሱ ጋር ጥቁሩ አፈር መቈጠር ይገባዋል፤ ከተመለሰው ሰው ይዞታ ውስጥ ያለ ማዳበሪያ ወዲያው የሚያበቅል እርሱ ብቻ ነበርና።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም ባንድነት መያዙ በዚህ ጕዳይ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ሚስት ከቤቱ ስትወጣ ቦታውንም ለመካፈል የምትጠይቅበት ጽሑፍ አግኝታለች። አዲሱ ፈተና የመጣው ከከተማው በኩል ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ዙሪያዋ ሰፍታለች፤ ከተማ ሲሰፋ ደግሞ በዳር ያለው ባላገር ቤቱንና ጓሮውን ለቆ ይነሣል። ስለ ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለሰብልና ለቋሚ ተክል ከሚከፈለው ሌላ፣ በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻል የወጣው ገንዘብና ጕልበት ተገምቶ እንዲከፈል ይደነግግ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቷል። ጥቁር አፈር በመሬት ላይ ከተደረገ ቋሚ ማሻሻል ሊቈጠር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሌላ አገር መልስ ያገኘ መሆኑን ማስታወስ ግን ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የከተማ ሠራተኞች ትንንሽ የአትክልት ቦታ ተከራይተው ያለማሉ፤ በ1922 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የዚሁ ቦታ ሕግ፣ ተከራዩ እንዲለቅ ሲደረግ ለቆመው አትክልት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ለጨመረው ፍግም ካሣ እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። የደብረ ማርቆስ ዙሪያ እማወራ ፍግና አመድ የምታፈሰው ግን ደረሰኝ ይዛ አይደለም። ገማቾች በመጡ ጊዜ ጌሾው በእግር፣ ባሕር ዛፉ በዛላ፣ ጐመኑ በካሬ ሜትር ሊጻፍ ይችላል፤ ለአፈሩ የሚቀርበው ማስረጃ የርስዋ ቃልና፣ ከአጥሩ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ በዶማ ተቆፍሮ ጎን ለጎን የሚቀመጥ ሁለት እፍኝ አፈር ነው።